ሁለት ጊዜ የተለወጠ ቀን

ለአዲሱ መታወቂያ ያልተመዘገበ ሰው ጉዳይ አይፈጸምለትም ስለተባለ፣ ሰሞኑን እኔም ዳባት ላይ ተሰልፌ ዋልኩ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ከቆምኩ ወገቤ የራሱን አቤቱታ ያቀርባል። የዳባት ነፋስ ደግሞ ጋቢም ካፖርትም አይመልሰውም። ተራዬ ደርሶ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ጣቷ ፈጣን የሆነች አንዲት ልጅ ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጻፈችና ቀና ሳትል "አባባ፣ የልደት ቀንዎ በእኛ ነው በፈረንጅ?" አለችኝ። በእኛ አልኳት፤ ነገርኳት። አንዲት ቦታ ነካ ስታደርግ መሣሪያው ቀኑን ወደ ፈረንጅ ለውጦ ቁጭ አደረገው። እኔ ግን ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ። ልጅቷ "ጨርሰናል እኮ አባባ" ብላ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

እሷ ምን ታድርግ፤ አታውቅም። ያቺ ነካ አድርጋ ያለፈቻት ሥራ በአንድ ወቅት ደባርቅ ላይ የእኔ ብቻ ነበረች። ስም አውጥታልኛለች፣ እንጀራ አብልታኛለች፣ በኋላም እንቅልፍ ነስታኛለች። ያን ጊዜ ደባርቅ ላይ ባጃጅ ገና ብርቅ ነበር። ኢንተርኔት ቤቴ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ በፀጉር አስተካካዩና በካሴት ቤቱ መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ነበረች። ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩኝ፤ ስክሪናቸው እንደ ጎታ ሆዱ የተነፋ፣ እህቴ በሰፋችላቸው አቡጀዲ የሚሸፈኑ። ደቂቃው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ያኔ ዋጋ ነበረው፤ ሁለቱን ካገናኙት ሻይ ይጠጡበታል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ገጹ እስኪመጣ ድረስ በዓይኑ የሚገፋው ይመስል ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ነበር የሚቀመጠው። አስጎብኚዎቹ ልጆች ከቱሪስት የተረፈ ወፍራም ጃኬት ከላይ፣ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ ከታች አድርገው ይመጣሉ። የፓርኩ ስካውቶች ጠመንጃቸውን ግድግዳዬ ላይ ያስደግፉና "እስቲ ለዚያ ለረጅሙ ፈረንጅ፣ ደህና ነኝ፣ በቅሎዋም ደህና ናት በልልኝ" ይሉኛል። እጽፋለሁ። አንዱ ስለ ሚስቱ ሳይሆን ስለ በቅሎዋ ሁለት ገጽ አጽፎኛል። ካሴት ቤቱ አንድ የእስክስታ ዘፈን ከረፋድ እስከ ማታ እየደጋገመ ያሰማናል፤ ዛሬም አንዳንዴ ጥርሴን ስፍቅ ዜማው አፌ ላይ ይመጣና እናደዳለሁ።

እኔ ለኮምፒውተር የተፈጠርኩ ሰው አልነበርኩም። አባቴ ወገራ ውስጥ መሪጌታ ነበሩ፤ ከዜማው ይልቅ ቁጥሩ ስለገባኝ ባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቆጠራ፣ ከነመጥቅዕና አበቅቴው አስተማሩኝ። "ድምፅህ ለቅዳሴ አይሆንም፤ እንግዲህ ቁጠር" ነበር ያሉኝ። ቆጠርኩ። ኋላ ጉባኤውን ትቼ የመንግሥት ቢሮ ታይፒስት ሆንኩ፤ ከዚያ በጡረታ ሳይሆን በመሰልቸት ወጥቼ ኢንተርኔት ቤቱን ከፈትኩ። ሰው በብዛት የሚመጣው ፎርም ለማስሞላት ነበር፤ ትምህርት ለማመልከት፣ ሥራ ለማመልከት፣ ወደ ውጭ የሚወስድ ዕጣ ለመሞከር። ፎርሙ ሁሉ የልደት ቀን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም በፈረንጅ ነው። ሌላው ቤት ዝም ብለው ስምንት ይደምሩና ይልካሉ። ወሩ ከጥር በፊት ከሆነ ግን ሰባት ነው፤ ቀኑም ይዛነፋል። እኔ በወረቀት አስልቼ አስገባ ነበር፤ ደንበኛውም ዘውዱ ቤት ቀን አይሳሳትም እያለ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ ይመጣ ጀመር።

ግቢያችን ውስጥ የተከራየ አንድ የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ ወጣት፣ ሁልጊዜ አንድ ሹራብ የሚለብስ። ወረቀት ላይ ስደምር አይቶኝ "ጋሼ ዘውዱ፣ እርስዎ ይህን ያህል ከሚደክሙ ለምን ማሽኑ አይቆጥርልዎትም?" አለኝ። ስክሪፕት የሚባለውን ያሳየኝ እሱ ነው። ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ስክሪፕት ማለት ለማሽኑ የምትጽፍለት አጭር ትእዛዝ ነው፤ ገጽ ሲከፈት የሰው እጅ ሳይነካው ራሱ ተነስቶ የታዘዘውን ይሠራል። የኔዋ ሥራዋ ይህች ብቻ ነበረች፤ ደንበኛው መጀመሪያው ገጽ ላይ በእኛ ቀን ይሞላል፤ የማረጋገጫው ገጽ ሲመጣ ስክሪፕቷ የልደት ቀኑን ሳጥን ፈልጋ ወደ ፈረንጅ ትለውጠዋለች። ስሌቱን ከአባቴ ባሕረ ሐሳብ ወስጄ አንድ ወር ሙሉ ስጽፈው ከረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ወር ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ላይ አልሠራ ብላ አበሳጨችኝ። የደባርቅ ኔትወርክ ገጹን በአንድ ጊዜ አያመጣውም፤ መጀመሪያ አርማው ይመጣል፣ ከዚያ ግማሽ ሥዕል፣ ከዚያ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ሳጥኖቹ። ስክሪፕቷ ግን ቸኩላ ትነሳለች፤ ሳጥኑ ገና ስላልመጣ ምንም አታገኝም፤ ሥራዋን የጨረሰች መስሏት ትቀመጣለች። መምህሩ ሳቀብኝ። "ቡራኬው ሳያልቅ አሜን እያለች ነው፤ ገጹ ተጭኖ እስኪያልቅ ትጠብቅ ይበሏት" አለኝ። አንድ መስመር ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ ከስክሪኑ ግርጌ በግራ በኩል አልቋል የምትለዋ ቃል ስትወጣ፣ ያን ጊዜ ብቻ ትነሳና ቀኑን ቁጭ ታደርገዋለች። ደንበኞቼ ያችን ሰዓት ለማየት ከኋላዬ ይሰበሰቡ ነበር። መሪጌታ ኮምፒውተር የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙ ለቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ወደድኩት፤ ጥፋቴም ከዚያ ሳይጀምር አልቀረም።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የጃናሞራ ገበሬ ከልጁ ጋር መጣ። አያ አዳነ ይባላል። ባና ደርቦ፣ በረባሶ ተጫምቶ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ጫማውን ማውለቅ አለብኝ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ልጁ የሻረግ ሰማያዊ የተማሪ ሹራብ ለብሳለች፤ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው። ውጭ አገር የነርስነት ትምህርት ዕድል መውጣቱን ሰምታለች፤ ዕድሜ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አንድ፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ። የተወለደችበትን ቀን ጠየቅኳት፤ እሷ ወደ አባቷ ዞረች።

"አውቃለሁ እንጂ" አለ አያ አዳነ፣ ባናውን ሰብስቦ። "ዘመኑ ሉቃስ። ወሩ መጋቢት፣ በባለ እግዚአብሔር ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ። በሁዳዴ ነው። በዚያ ክረምት በረዶው ገብሳችንን መታው፤ ማርያም ማርያም ያለቻት የኔው እናት ናት፤ በጥቅምት ሞተች።"

እኔ ዕድሜዋን ገምቼ ወንጌላውያኑን ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ሉቃስ አንድ ዓመት ላይ ብቻ አረፈ። መጋቢት ሃያ ዘጠኝ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። "አያ አዳነ፣ እርስዎ ከመዝገብ ይበልጣሉ" አልኩት። የሻረግ ሳቀች። "መንደሩ ሁሉ የልጁን ዓመት የሚጠይቀው እሱን ነው" አለችኝ። ሰውዬው ደስታውን ለመደበቅ ወደ መንገዱ ዞሮ ደጅ ያሰራትን በቅሎውን አየ።

ፎርሙን ሞላን። የማረጋገጫው ገጽ መጣ፣ ተጭኖ አለቀ፣ ስክሪፕቷ ቀኑን ለወጠች፤ አየሁት፤ ልክ ነበር። ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ገጹ ተመልሶ መጣና ፎቶው ከልክ በላይ ትልቅ ነው አለ። ሌላው የሞላነው ሁሉ እንዳለ አለ፤ ፎቶው ብቻ ነው የቀረው። ፎቶውን ለማሳነስ ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ዞርኩ፤ በዚያው ላይ አንዱ ስካውት የበቅሎውን ወሬ ይዞ ገባ። ፎቶውን አሳንሼ መልሼ ለጠፍኩና ቀኑን ሳላይ ላክሁት። ምን አስቤ ልየው፤ አንዴ አይቼዋለሁ፤ ዘውዱ ቤት ቀን አይሳሳትም። አያ አዳነ ሲወጣ እጄን በሁለት እጁ ያዘና "እግዜር ይስጥልኝ መሪጌታ" አለኝ። እሱ ቀልድ መሆኑን አያውቅም፤ የእውነት ነበር ያለው።

መልሱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የሻረግ ብቻዋን መጣች፤ አትሜ አነበብኩላት። ዕድሜሽ ከተጠየቀው በታች ስለሆነ ማመልከቻሽ አልታየም፤ ምዝገባውም ተዘግቷል ይላል። ደጋግማ "በታች? በታች ነው የሚለው?" አለችኝ። ሰው ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ ሁሉም ጆሮውን ወደ እኛ ጥሏል። እኔም በዚያ ሰው ፊት፣ አፌ ላይ የመጣውን፣ "እንግዲህ አባትሽ ዓመቱን ስተውት ይሆናል፤ ባሕረ ሐሳቡ እንደሆነ አይስትም" አልኳት። ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ሹራቧ ውስጥ ከተተችና ወጣች። በዚያው ቀን ወደ ጃናሞራ ወጣች አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ የላክሁትን ቅጂ ከፍቼ አየሁት። የማረጋገጫው ገጽ ለፎቶው ተመልሶ በመጣ ጊዜ እንደ አዲስ ተጭኖ አልቋል፤ ስክሪፕቷም እንደታዘዘችው እንደገና ተነስታለች። ሳጥኑ ውስጥ ያገኘችው የፈረንጅ ቀን ነው፤ እሷ ግን የእኛ ነው ብላ ሁለተኛ ለወጠችው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ጨመረችበት። ሃያ ሊሞላት የነበረችው ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ነበር የተላከችው። አንድ መስመር ጨመርኩ፤ አንዴ የተለወጠን ቀን ሁለተኛ እንዳትነካ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ በሩን ከፍቼ የዕለቱን የመጀመሪያ ደንበኛ ተቀበልኩ።

ለምን እንዳልተናገርኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ ከባድ አይደለም፤ አፈርኩ። ምዝገባው ተዘግቷል፣ ምን ይመለሳል አልኩ። ሰው ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ የሚመጣው ቀን አይሳሳትም ብሎ ነው፤ ስሜ ከጠፋ ምን እበላለሁ አልኩ። በገበያ ቀን የጃናሞራ ሰው ደጄ ላይ ያልፋል፤ ጠርቼ መልእክት መላክ እችል ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚከብደው፤ ከዚያ ሰው ይለምደዋል። ዓመቱ ዞረ፣ ትምህርት ዕድሉ ራሱ ቀረ፤ ስልክ በየሰው እጅ ገባና ኢንተርኔት ቤቴን ሰው ረሳው። ካሴት ቤቱም ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኔትወርክ ሲጠፋና ሲመጣ፣ ኮምፒውተሮቹን ለቆርቆሮ ሰብሳቢ ሰጥቼ ዳባት እህቴ ዘንድ ገባሁ።

እንግዲህ ያን ቀን ከምዝገባው ወንበር ተነስቼ ስወጣ፣ ሰልፉ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት "ጋሼ ዘውዱ? እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ፊቷ ሞልቷል። ስሟን እስክትነግረኝ አላወቅኋትም። የሻረግ ናት። ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ እየገዛች ዳባት ታራግፋለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ ዘጠነኛ ገብታለች። ሰልፉን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ከግቢው የድንጋይ አጥር ላይ አብራኝ ተቀመጠች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ዓይኔ ጠየቀችኝ። እኔ ስለ አባቷ ጠየቅኳት።

"አረፈ" አለች። "በመጪው ጥቅምት ሁለት ዓመቱ ነው።"

ከዚያ በኋላ ወሬ ማስቀየር እችል ነበር፤ ሃያ ዓመት ሊጠጋ ወሬ ሳስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ደክሞኝ ነበር። ሰው ንስሐ የሚገባው በጽድቅ ብቻ አይመስለኝም፤ አንዳንዴ የተሸከመውን መሸከም ሲያቅተው ነው። ነገርኳት። ስለ ገጹ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ሁለተኛው ልወጣ፣ በማግስቱ ስላየሁት፣ ዝም ስለማለቴ። ሉቃስ ልክ ነበር፣ መጋቢትም ልክ ነበር፣ አባትሽ አንዲት ቀን አልሳቱም አልኳት። የሰልፍ ቁጥሯን የጻፉባትን ወረቀት በጣቶቿ እያጠፈች ሰማችኝ።

"እኔን ይቅርታ አይጠይቁኝ" አለች ስጨርስ። ድምጿ አልተቆጣም፤ ደከም ያለ ነበር፣ እንደኔው። "እኔስ ኖርኩ። ልጆችም ወለድኩ። ያን ቀን ቤት ስደርስ ግን ምን እንዳልኩት ያውቃሉ? የበሬህን ዕድሜ ታውቃለህ፣ የኔን ማወቅ አቃተህ አልኩት። እናቴ ፊት። ከዚያ ወዲያ ሰው የልጁን ዓመት ሊጠይቀው ሲመጣ፣ እኔ አላውቅም፣ የልጄንም አላወቅሁም ይላል። ለወሰን ክርክር ሽማግሌዎች ምስክር ቁም ሲሉት እምቢ አለ። በየዓመቱ የሚናገረውን የበረዶውን ወሬ እንኳ ተወው።" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ነካ አደረገች። "ይቅርታ የምጠይቅ እኔ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ የለም።"

ከዚያ "በጥቅምት ሙት ዓመቱን እናወጣለን። ከቻሉ ይምጡና ይህን ለመንደሩ ይናገሩልኝ። ስሙን ይመልሱለት" አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። እህቴ ስትሰማ "በዚህ ጉልበትህ ጃናሞራ?" አለች።

ሄድኩ። ከደባርቅ በላይ ያለውን ዳገት በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣጥፌ ወጣሁት፤ ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ነበር የሚነዳው። የመጨረሻውን መንገድ የየሻረግ ልጅ እየደገፈችኝ በእግር ሄድኩ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳር ተቀምጦ ዳቦና ጠላ ሲቀርብለት ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ስክሪፕት ማስረዳት አልቻልኩም፤ ማሽኔ አንዴ የለወጠውን ቀን ሁለተኛ ለወጠው፣ እኔ ደግሞ ሳላይ ላክሁት፤ ጥፋቱን ባወቅሁ ጊዜ ደበቅሁና በአያ አዳነ ላይ ጣልኩት አልኩ። ልጁ የተወለደችው በሉቃስ፣ በመጋቢት ባለ እግዚአብሔር ነው፤ አልሳተም አልኩ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሴቶቹ በኩል እማሆይ ጥሩነሽ የሚባሉ፣ ቆባቸው ያረጀ አንዲት አሮጊት፣ የአያ አዳነ የቅርብ ጎረቤት፣ ወደኔ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ" አሉ፣ ቀስ ብለው፣ "እኛማ መች ጠፋን። የኔ ልጅ በላይነሽ ከየሻረግ በሁለት ቀን ነው የምትቀድም፤ ክርስትናም አብረው ነው የተነሱ። ሉቃስ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ስንት ጊዜ ነገርነው። እሱ ግን፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ስተሃል ካለኝ ስቻለሁ፣ እናንተ ከመሪጌታው ትበልጣላችሁ ወይ እያለ አላምን አለን።" የያዙትን ዳቦ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እንዲያው እሱ ሳለ ብትመጣ ምን ነበረበት?"